ኔትወርካችንን የሚረብሸው ማን ነው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውሃ መውረጃው፣ ስለ ዘበኛ ደመወዝና ስለ ቆሻሻ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ በዓይን ስለማይታይ፣ ነገር ግን በመንገዳችን ግራና ቀኝ ያሉትን ሱቆች እርስ በርስ እያነታረከ ስላለ ጉዳይ፣ ይኸውም ስለ ዋይፋይ መጠላለፍ አስተያየቴን ለማቅረብ እወዳለሁ።

እንደሚታወቀው ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው ደንበኛ ማኪያቶ ጠጥቶም ሆነ ኮፒ አስደርጎ በስልኩ ከፍሎ መሄድ ይፈልጋል። ዳታው ካለቀበት የሱቁን ዋይፋይ ይጠይቃል። ታዲያ ያቺ ክብ ነገር ስልኩ ላይ መሽከርከር ስትጀምር ሰልፉ ይረዝማል፤ ከኋላ ያለው «በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። አይመለስም።

እኔ በፎቶ ኮፒ ቤቴ ይኸው ሲደርስብኝ አራት አንቴና ያለው ትልቅ ራውተር ገዝቼ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ደስ አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ፀጉር ቤት ያለችው ጎረቤቴ መጥታ «አንተ ያንን ነገር ከሰቀልክ ወዲህ የእኔ ሞተ» አለችኝ። እኔም ተቆጣሁ፤ የራሴን ገዝቼ በራሴ ሱቅ! ለካስ እውነቷን ነበር። እሷም በተራዋ ከእኔ የሚበልጥ ገዛች፤ ካፌውም ገዛ፤ አሁን የሁላችንም ይቆራረጣል። ሠርግ ቤት ሁሉም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ማንም ማንንም እንደማይሰማው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ራውተሮቻችን የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ ነው። ይህ ሞገድ እስከ 13 የሚቆጠሩ ቻናሎች አሉት ቢባልም፣ ቻናሎቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንድ ራውተር ደግሞ ቢያንስ 20 ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። «3 ቁጥር ባዶ ነው» ብሎ እዚያ የሚገባ ብልህ አለ፤ እሱ 1ንም 6ንም ይረብሻል፣ ራሱም ይረበሻል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እንኳ ይሻላሉ፤ ይደማመጣሉና አንዱ ሲልክ ሌላው ተራ ይጠብቃል።

ጉልበት መጨመሩም ቢሆን የምናስበውን ያህል አይጠቅምም። ራውተሩ ቢጮህም የደንበኛው ስልክ የሚመልሰው በዚያችው በትንሽ ጉልበቱ ነው።

«ለኢንተርኔቱ የምከፍለው እኔ፣ ማን ያዘኛል?» የሚል ይኖራል። የምንከፍለው ለመስመሩ ነው፤ ለአየሩ ማናችንም አልከፈልንም። አሜሪካኖች በ1977 ዓ.ም. ይህን ሞገድ ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ መገናኛዎች ሲከፍቱ፣ የገባበት ሁሉ የሌላውን ረብሻ ችሎ እንዲሠራ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ሠፈር ነው፤ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ ገደማ ላይ ነው። በካፌው ጓዳ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ክፍያ የሚቆመው ምናልባት ራውተሩ ከምድጃው አጠገብ ስለተቀመጠ ይሆናል።

እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የአየሩ አይደለም። ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ መሞከር ነው፤ በገመድም ከተንቀራፈፈ ችግሩ መስመሩ ነውና ጎረቤትን መውቀስ ትርፉ ጠብ ነው። በገመድ ደህና ሆኖ ያለ ገመድ ከተቆራረጠ ግን ነገሩ እኛው ዘንድ ነው። «ኢንተርኔቴን ሰረቀኝ» የሚባለውም እዚህ ላይ ቢቀር ጥሩ ነው፤ መጠላለፍ ሌላ፣ ስርቆት ሌላ።

እኔ የምለው፣ ጎን ለጎን ያሉ ሱቆች 1፣ 6፣ 11 እያሉ ይከፋፈሉ። ስፋቱ 20 ላይ ይሁን፤ 40 የሚያደርግ ሰው የሁለት ሰው ቦታ ይዟል። ጉልበቱ መካከለኛ ይሁን። ራውተሩ ከመስኮት ወርዶ ሱቁ መሐል ይቀመጥ። ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ፣ ማለትም ኮምፒዩተር፣ ፕሪንተርና ካሜራ፣ በገመድ ይሁን፤ አንድ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፣ ለእኛ ሱቅ ከበቂ በላይ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ያለው ራውተር ያላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ግድግዳ ቶሎ ይገታዋል ብለው ያሙታል፣ ለጠባብ ሱቅ ግን መልካምነቱ ይኸው ነው፤ የጎረቤትም አይገባም፣ የእኛም አይወጣም። በኮንቴይነር ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ብረቱ የውጪውን ይመልስላችኋል፣ ራውተሩን ውስጥ እስካስቀመጣችሁ ድረስ።

በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ሱቅ የያዘውን ቻናል በወረቀት ጽፎ ቢያመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከፋፍለን እንጨርሳለን። አቀያየሩን ለማያውቅ ሱቁ ድረስ መጥቼ አሳየዋለሁ፤ ሒሳብ የለውም። የእኔን ከመስኮት አውርጄ 1 ላይ አድርጌዋለሁ፤ ፀጉር ቤቱም 6 ላይ ሆኗል። ካፌው ገና አልመለሰልንም።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ