የንስር መብዛት የእርሳስ ጥይትን ነጻ አያወጣም

«ራሰ ነጩ ንስር በዝቷል፤ ስለዚህ የእርሳስ ጥይትን መገደብ አያስፈልግም።» ይህን መከራከሪያ የጥይት አምራቾች ወገን ደጋግሞ ያቀርበዋል፤ ብዙ ቅን ሰዎችም ተቀብለውታል። የመጀመሪያ ዓመት የምጣኔ ሀብት ተማሪ እንዲህ ያለ ስሌት ቢያቀርብልኝ ግን ወረቀቱን እመልስለት ነበር።

መነሻው እውነት ነው። በ1963 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአላስካ በስተቀር በአሜሪካ ምድር የቀሩት ጎጆ ያላቸው ጥንዶች 417 ያህል ብቻ ነበሩ። ዲዲቲ በ1972 ታገደ፤ በ2007 ንስሩ ሊጠፉ ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ወጣ። የፌዴራሉ የዓሣና የዱር አራዊት አገልግሎት በ2021 ባወጣው ግምት 316,700 ንስሮችና 71,467 ጥንዶች አሉ። የ2009ኙ ግምት 72,434 ንስሮችና 30,548 ጥንዶች ነበር። ልብ በሉ፦ ጥንዶቹ ከእጥፍ ጥቂት ሲያልፉ ጠቅላላ ቁጥሩ ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። በኋለኛው ግምት የአውሮፕላን ቅኝቱ ኢበርድ በተባለው የኮርኔል መረጃ ቋት ከተሰበሰቡ የበጎ ፈቃደኞች ምልከታዎች ጋር ተዋህዷል። ዕድገቱ እውን ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ የተሻለ የማየት ውጤት እንደሆነ ሳይጠይቁ ቁጥሩን እንደ ባንዲራ ማውለብለብ ግን ስንፍና ነው።

የወንዝ ዳሩ የክረምት ቆጠራ ከዚህም ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። (ክረምት ስል የሰኔውን ዝናብ ሳይሆን የዚህን አገር ብርድ ማለቴ ነው።) ከ1979 ጀምሮ በየጃንዋሪው የሚካሄደው አገር አቀፍ ቆጠራ ወፉን የሚያገኘው ያልበረደ ውኃ ባለበት ነው። ሰሜኑ በረዶ ሲሆን ንስሮቹ ከግድቦች ግርጌ ይሰበሰባሉ፤ ወደ ደቡብም ይወርዳሉ። ሰሜኑ ሞቆ ወንዞቹ ሳይረጉ ሲቀሩ ደግሞ እዚያው ይከርማሉ፤ እኛ ዘንድ የሚታየው ያንሳል፤ አንድም ንስር ግን አልሞተም። በዚህ ላይ የቴክሳስ ነዋሪ ጥንዶች በዚያው ወቅት እንቁላል ስለሚታቀፉ ቆጣሪው እንግዳውንና ባለቤቱን በአንድ ዓምድ ይደምራል። እንዲህ ያለው አኃዝ በአንድ ዓመት መውረዱ ጥፋትን፣ መውጣቱም ደኅንነትን አያረጋግጥም።

ዋናው ስሕተት ግን መጠንንና የዕድገት ምጣኔን ማምታታቱ ነው። ደመወዙ በየዓመቱ የሚጨምርለት ሰው ከኪሱ የሚሰርቀው የለም ማለት አይደለም። በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ከ38 ክፍለ ግዛቶች የተሰበሰቡ 1,210 ንስሮችን መርምሮ ግማሽ ያህሉ ሥር በሰደደ የእርሳስ መመረዝ እንደተጎዱ አሳይቷል። የራሰ ነጩን ንስር ዓመታዊ ዕድገትም መርዙ በ3.8 በመቶ እንደሚቀንሰው ገምቷል። መንገዱ የታወቀ ነው፦ አዳኙ የአጋዘኑን ሆድ ዕቃ ሜዳ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ የተሰነጣጠቀው ጥይት ፍርፋሪ በውስጡ ይቀራል፤ በብርዱ ወራት ጥንብ የሚፈልገው ንስር ይበላዋል። እኛ ወንዝ ዳር ቆመን «በዙ» ብለን የምንደሰትበት ወቅትና የሚመረዙበት ወቅት አንድ ነው።

ንስሩ በራሱ አገገመ የሚለውም ተረት ነው። ትሪኒቲ ወንዝን እዩ። በ1925 የቴክሳስ ጤና ባለሥልጣናት የሞት ወንዝ ያሉት ነው። ዛሬም በደረቅ ወራት ከዳላስ በታች የሚፈሰው በአብዛኛው ከመጸዳጃችንና ከማጠቢያችን ወጥቶ የተጣራ ፍሳሽ ነው። ዓሣ የተመለሰበት፣ ከ1972ቱ የንጹሕ ውኃ ሕግ ወዲህ ከተሞቹ በማጣሪያ ጣቢያዎች ላይ ባፈሰሱት ገንዘብ ነው። በሲጎቪል አጠገብ የሰሜን ቴክሳስ የውኃ ድርጅት የወንዙን ምሥራቃዊ ገባር ውኃ በሰው ሠራሽ ረግረግ አጣርቶ ወደ ላቮን ሐይቅ ይገፋል፤ እዚያው ጆን ባንከር ሳንድስ ማዕከል ንስሮች በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ምሰሶ ላይ ጎጆ ሠርተዋል። የውኃ ሒሳብ የምንከፍል ሁሉ ለዚያ ጎጆ መዋጮ አለን። ተቃራኒውን አብያታ ላይ አይተነዋል፦ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃው ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፣ ዓሣው አለቀ፣ ዓሣ በል ወፎቹም ተመናመኑ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለውኃ ወፍ አደን የእርሳስ ጥይት በመላ አገሪቱ ከ1991 ጀምሮ ተከልክሏል፤ አደኑ አልቆመም። በጃንዋሪ 2017 የፌዴራሉ አገልግሎት በሚያስተዳድራቸው መሬቶች ላይ እርሳስን ለማስቀረት ያወጣው ትእዛዝ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ በሚኒስትር ራያን ዚንኪ ተሻረ። የመዳብ ጥይት መወደዱን አልክድም። የእርሳሱ ርካሽነት ግን ከፊሉን ዋጋ ንስሩ ስለሚከፍል ነው። አሪዞና ለኮንዶር ሲል ከ2005 ጀምሮ ለአዳኞች እርሳስ አልባ ጥይት በነጻ ያድላል፤ አብዛኞቹም ሳይገደዱ ተቀብለውታል። ቴክሳስ ከአደን ፈቃድ ከሚሰበስበው ገንዘብ ጥቂቱን ለዚሁ ቢያውል፣ መጀመሪያም በትሪኒቲ ተፋሰስ ቢሞክረው፣ ክልከላን የሚጠላው አዳኝ እንኳ የሚቃወምበት ምክንያት አይታየኝም።