የእግር ወለምታም በቅቤ አይታሽም

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስንል፣ የእግሩ ወለምታ ግን ታሽቶ እንደሚድን አምነን ነው። አፍ ቢስት መመለሻ የለውም፤ እግር ቢስት ግን ቅቤ ተቀብቶ፣ በወጌሻ እጅ ታሽቶና ታስሮ በሳምንቱ ይቆማል እንላለን። ይህ እምነት በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ስንት ልጅ ከሜዳ እንዳስቀረ ሳስብ ዝም ማለት ያቅተኛል። ከኪቶ ፉርዲሳ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ጫማውን የሰቀለ ወጣት «ምነው ተውከው?» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «እግሬ ይከዳኛል» ብሎ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በቀላሉ ነው። ተጫዋቹ ኳስ በጭንቅላቱ ሊመታ ዘሎ ሲወርድ የሌላውን ጫማ ይረግጣል። እግሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በውጭ በኩል ካለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ፊት ያለው ጅማት ይለጠጣል ወይም ይበጠሳል። ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው ያብጣል፣ ማታ ይጠቁራል። ልጁ ይታሻል፣ ይታሰራል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያነክሳል። እብጠቱ ሲወርድ «ዳንኩ» ብሎ ይመለሳል፤ አሰልጣኙም ተጫዋች ስለሚያጥረው ያሰልፈዋል። ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው፣ ደልዳላ ሣር ላይ እየሮጠ እግሩ ዳግመኛ ይታጠፋል። ሦስተኛው ደግሞ ከባጃጅ ሲወርድ ይሆናል።

ይህ ከዕድል ጋር የሚያገናኘው የለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ማይክል ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ወለምታቸው የዳነ የሚመስል ሰዎች ለምን «እግሬ ይከዳኛል» እንደሚሉ መረመሩ። የደረሱበት ሐሳብ ጅማት ሁለት አጥንት ከማያያዝ ሌላም ሥራ እንዳለው የሚያሳይ ነበር። በውስጡ እግር በየትኛው ማዕዘን እንዳለ፣ ምን ያህል እንዳዘመመ ለአንጎል የሚናገሩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ጅማቱ ሲበጠስ እነሱም ይጎዳሉ። እብጠቱ ወርዶ፣ ሕመሙ ጠፍቶ እንኳ እግር ያለበትን ሁኔታ በጊዜው አይናገርም፤ የባት ጡንቻም ለመደገፍ ይዘገያል። ከፍሪማን ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች ነገሩ ከጅማቱ ነርቭ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጡንቻውም አንጎሉም አብረው እንደሚለወጡ አሳይተዋል። መሠረቱ ግን አልተናወጠም። የተጎዳ እግር ሚዛን መጠበቅን እንደገና መማር አለበት፤ ማሸት ደግሞ ይህን አያስተምረውም።

ይህን በራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ቁሙ። ወደ ታች ብትመለከቱ በእግራችሁ ጀርባ ላይ ያሉት ጅማቶች አንዱ ሲነሳ ሌላው ሲወርድ፣ ጣቶቻችሁ መሬቱን ሲቧጥጡ ታያላችሁ። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። ደህና በሆነው እግር ትንሽ ትወዛወዙና ትቆማላችሁ። ከዚህ በፊት ወለም ባለው እግር ግን ብዙ ሰው ብዙም ሳይቆይ ግድግዳውን ይይዛል። ዓይን እስካለ ድረስ እግሩ በዓይን ይደገፋል፤ ኳስ እያየ፣ ተጋጣሚ እያየ የሚሮጥ ተጫዋች ግን እግሩን የሚያይበት ጊዜ የለውም።

መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ካላቸው ሰዎች እስከ 40 ከመቶ የሚሆኑት በዓመታቸው ይህ ችግር ሥር ሰዶባቸው እንደሚገኝ ጥናት አሳይቷል። ሲደጋገም የሚያልቀው የመገጣጠሚያው ልስላሴ ነው፤ ቀድሞ የሚያረጅ ቁርጭምጭሚት ደግሞ በስተርጅና ሌላ በሽታ ያመጣል።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን መፍትሔው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ በቅርቡ ወለም ያላቸው 522 ስፖርተኞች በሁለት ተከፈሉ። ሁሉም የተለመደውን ሕክምና አገኙ። አንደኛው ወገን በተጨማሪ ለ8 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ የሚዛን ልምምድ ቤቱ እንዲሠራ ተሰጠው። በዓመቱ ሲታይ ካልሠሩት 33 ከመቶው፣ ከሠሩት 22 ከመቶው ብቻ ዳግመኛ ወለም ብሏቸው ነበር። ጎልቶ የሚታየኝ «ቤቱ» የሚለው ነው። ማንም ቆሞ አላሠራቸውም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየወረዳው ለማይገኝበት ለእኛ አገር ከዚህ የሚሻል ዜና አላውቅም። እርግጥ ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው አገር የተደረገ ሌላ ጥናት ቁርጭምጭሚት ደጋፊ ማሰሪያ ማድረግም ድግግሞሹን ከልምምዱ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ደህና ማሰሪያ መግዛት የሚችል ያድርግ። ልምምዱ ግን ለማንም ኪስ አይከብድም።

እንዴት ይሠራል? በባዶ እግር፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ በአንድ እግር ሠላሳ ሰከንድ በመቆም ይጀመራል። ከዚያ ዓይን ተጨፍኖ። ከዚያ ጓደኛ ኳስ እየወረወረ። ከዚያ የታጠፈ የቡና ጆንያ ላይ ቆሞ፤ ጆንያው እግር ስር ስለሚላወስ ሥራው ይከብዳል። በመጨረሻ በአንድ እግር ወደፊትና ወደ ጎን ዘሎ፣ ባረፈበት ሳይንገዳገድ መቆም። ሕመም ካለ ወደ ቀድሞው ደረጃ መመለስ እንጂ መታገል የለም።

የውጭዎቹ ለዚህ የሚጠቀሙበት መሣሪያ ስሩ ግማሽ ኳስ የመሰለ ክብ ጣውላ ነው፤ ሲቆሙበት በየአቅጣጫው ያዘማል። እዚህ ጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣ ጠራቢ ባለበት ከተማ ይህን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ኪቶ ፉርዲሳ ደግሞ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው፤ ባዮሜዲካል ምህንድስናም እዚያ ይሰጣል። ተማሪዎቹ ከእንጨት ጠራቢዎቹ ጋር ተቀምጠው ርካሽ ጣውላ ቢያወጡ፣ የስፖርት ሳይንስ መምህራን ደግሞ በሰፈር ቡድኖች ላይ ቢሞክሩት፣ ሰው ላይ የሚታይ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብስ ወረቀት ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጉዳዩ የኳስ ተጫዋች ብቻም አይደለም። በጎማና በጌራ ተዳፋት ላይ፣ ዝናብ ባረጠበው ቅጠል እየተንሸራተተ እሸት ቡና የሚለቅም ሰው፣ ጆንያ ተሸክሞ ጭቃ የሚወርድ ሰው እግሩ ወለም ቢለው «ዛሬ አልሰለፍም» ብሎ የሚነግረው አሰልጣኝ የለውም። ለቀማ ካመለጠው የዓመት ገቢው ያመልጠዋል። እሱም ማታ ማታ በራፉ ላይ በአንድ እግር መቆም ይችላል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላስታውስ። ሁሉ ወለምታ ወለምታ አይደለም። የኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ሕግ ለገጠር ሰውም የሚሆን ነው። ከቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ካሉት ጉብታ አጥንቶች ጫፍ፣ ወይም ከኋላ ጠርዛቸው እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ወይም እያነከሱም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልተቻለ ራጅ ያስፈልጋል። በትንሹ ጣት በኩል ባለው የእግር ጠርዝ መሐል ወይም በውስጥ በኩል ከቅስቱ በላይ ባለው አጥንት ላይ የሚያም ከሆነም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ወጌሻ ጋ አይኬድም። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ብዙ ሰው እነሱ ጋ የሚሄደው ቅርብ ስለሆኑና ስለሚያውቃቸው ነው። ነገር ግን በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም ተቋርጦበት የተቆረጠ የሕፃን እግር በሀገራችን ሆስፒታሎች አዲስ ነገር አይደለም። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው በዚያችው ሰዓት ይፈታ።

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ሲያነሳ ይህች ከተማ የኳስ ልጆች እንዳሏት መላው ሀገር አይቷል። ከዚያ በኋላ ስንቱ ልጅ ያንን ማሊያ እያለመ ሜዳ እንደወጣ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። እኛ ግን የምናጨበጭብላቸው እያነከሱ ወደ ሜዳ ሲመለሱ ነው። «ጀግና» እንላቸዋለን። ያቺ ጭብጨባ ዳኛውም አሰልጣኙም የማያውቁትን ፍርድ ልጁ ላይ ትሰጣለች፤ እኛ ደጋፊዎች ልንተዋት ይገባል።

እናንተ የሰፈር ቡድን አሰልጣኞች፣ ከነገው ልምምድ ጀምሮ አንድ ሕግ አውጡልን። ወለም ያለው ተጫዋች በተጎዳው እግሩ ዓይኑን ጨፍኖ የደህናውን ያህል እስኪቆም፣ በአንድ እግሩ ዘሎ ሳይንገዳገድ እስኪያርፍ ድረስ አይሰለፍ። ቡድኑ አንድ ጨዋታ ቢሸነፍ ይሸነፍ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አሥር ደቂቃ ሁሉንም ልጆች፣ የተጎዳውንም ያልተጎዳውንም፣ ጫማ አስወልቃችሁ በአንድ እግር አቁሟቸው።