አርማታና ጥድፊያ

ስታዲየም ሲታደስ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ያልቃል?» ብሎ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ በቂ ምክንያት አለው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በአዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን የአገሪቱ ስታዲየሞች የተፈለገውን ደረጃ ስላላሟሉ ብሔራዊ ቡድኑ ጋናን በሜዳው መግጠም ሲገባው በጆሃንስበርግ ለመጫወት ተገደደ። ስለዚህ ሕዝቡ ቢቸኩል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ አርማታ የሰውን ችኮላ አያውቅም። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠርና ውሃ ከተደባለቁ በኋላ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር እየተዋሐደ መጠንከር ይጀምራል። የጫነው መኪና በመንገድ ላይ ከዘገየ ቅይጡ ይወፍራል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ሥራውን ለማቅለል ውሃ ቢጨምርበት አርማታው በቀላሉ ይፈሳል፤ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። በቦታው ፈስሶ ከረጋ በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ውሃ እየጠጣ መሰንበት ይኖርበታል። ጥንካሬው በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው።

ከዚህ የተነሣ አርማታ አቅራቢ በዋጋ ርካሽነትና በፍጥነት ብቻ ሊመረጥ አይገባም። የዘገየን ጭነት የሚመልስ ተቆጣጣሪም እንደ ሥራ አደናቃፊ ሊታይ አይገባውም። ጭነቱን መመለስ ኪሣራ ነው፤ ነገር ግን ጎል ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ጊዜ ብድግ የሚለው በዚያ አርማታ ላይ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ አርማታ ግን አንድ ጊዜ ፈስሶ ከደረቀ አይለቀምም።