ዋጋው ሲቀነስ ምኑ ይቀነሳል?

ይድረስ ለሙሽሮችና ለሙሽሮች ቤተሰብ፣

ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ጥቂት ቅዳሜና እሁዶች የሠርግ ናቸው። አዳራሹም፣ ዲኮሩም፣ ፎቶ አንሺውም የሚፈለገው በዚያው ሰሞን ነው። ለእኛ ለፎቶ አንሺዎች የሚቀርበው ጥያቄም አይለወጥም፤ «ለአንድ ቀን ሥራ ይህን ያህል ብር?»

አልፈርድባችሁም፤ የምታዩት አንድ ቀን ነው። ጠዋት ሙሽራዋ ሜካፕ ስትሠራ፣ ቀን መናፈሻ፣ ማታ ኬክ ሲቆረስ። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ከሺዎች ፎቶዎች መካከል ዓይን የተጨፈነበትን መለየት፣ የአዳራሹ መብራት ሰማያዊ ያደረገውን ፊት ወደ መልኩ መመለስ፣ አልበም አቀናብሮ ማሳተም ሳምንታት ይፈጃል። ካሜራውም፣ ሌንሱም፣ ፍላሹም ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል።

ይህን የምለው እንድታዝኑልን አይደለም። «ቀንስ» ስትሉን ብዙዎቻችን እንቀንሳለን፤ ፓኬጁ ግን በወረቀት ላይ እንዳለ ነው። ታዲያ የቀነሰው ምኑ ነው? እናንተ የማታዩት። ተጠባባቂው ካሜራ ይቀራል። ፎቶው በሁለት ሃርድ ዲስክ መቀመጡ ይቀራል፤ ያለው አንድ ዲስክ ከተበላሸ የቃል ኪዳኑ ሰዓት አብሮት ጠፋ ማለት ነው። ኤዲቲንጉም ጥድፊያ ይሆናል።

ስለዚህ የሚቀነሰውን እናንተ ምረጡ። ድሮኑ ይቅር፣ የአልበሙ ገጽ ይነስ፣ ቅልቅሉን ዘመድ በስልኩ ያንሳ። ይህ እንዲሆን ግን እኛም ዋጋችንን በዝርዝር መጻፍ አለብን። ድምሩን ብቻ የነገርነው ደንበኛ ከድምሩ ሌላ በምን ሊከራከር ይችላል?

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ፎቶ አንሺው ስንት ካሜራ ይዞ ይመጣል? ፎቶው የት የት ይቀመጣል? አልበሙ መቼ ይደርሳል? መልሱ በውሉ ላይ ይስፈር። ከዚያ ዋጋ እንነጋገር፤ መከራከር ያለ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ