ጌጁ ሲወጣ ከዕቃ በፊት ምርመራ

ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ የሚሞቅ አሮጌ ፒክአፕ ይዞ ጋራዥ የገባ ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መፍትሔ «ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው» የሚል ነው። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። እኛ ግን ይህ ልማድ ይቅር እንላለን። መኪናው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቡሎን መፍታት ከነጋዴ ኪስ በግምት ገንዘብ ማውጣት ነው።

ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከልክላለች። ያለንን ሃይሉክስ ጠብቀን ማቆየት አለብን። ቴስታታው ከተጣመመ ወይም ከተሰነጠቀ ደግሞ ጭነቱ ኤሌጉ ኬላ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ደንበኛም ይሄዳል።

ስለዚህ ቅደም ተከተል ይኑረን። መጀመሪያ፣ ሞተሩ በእርግጥ ሞቋል ወይ? ቀስቱ የሚያሳየው ሴንሰሩ የላከውን ብቻ ነው። መብራት ሲበራ ቀስቱ ከፍ የሚል ከሆነ ወደ ሻሲ የሚታሰረውን የማሳ ሽቦ እንይ። በአሮጌ ፒክአፖች ላይ የሴንሰሩ ሽቦ ሲነቀል ቀስቱ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል ወይም ጌጁ ራሱ ተበላሽቷል። ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ያለው መካኒክ ደግሞ ቴርሞስታቱ የተቀመጠበትን ቦታ ለክቶ በደቂቃ ይለየዋል። የሚያታልል ተቃራኒም አለ፤ ውሃው ጨርሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ላይ ስለሚቀር ቀስቱ ሞተሩ እየተቃጠለ ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መቼ ነው የሚሞቀው? ጂንጃ ሮድ ላይ መንገድ ሲዘጋጋ ሞቆ፣ ሲነዳ የሚበርድ ከሆነ ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ይፈተሽ። ጠዋት በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞቅ ከሆነ ያልተከፈተ ቴርሞስታት ወይም የቴስታታ ጋስኬት ይጠረጠራል።

ሦስተኛ፣ ውሃው የት ይሄዳል? ሞተሩ በርዶ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሳትና ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ መሆኑን ማየት ነው። አረፋ ካለ፣ ዘይቱም ወተት መስሎ ከሆነ፣ ችግሩ ከቴስታታው ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ግን በጭራሽ አይከፈት።

ክዳኑ ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት የሚይዝ ክዳን ይህን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የሞተ ክዳን ደህና ሞተር ያፈላል።

ቴርሞስታቱን ወደ መጣል እንመለስ። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ ያ መንገድ ክፍት ስለሚቀር፣ ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጭነት ሲበዛ መኪናው ሊብስበት ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ድስት ውስጥ ውሃ አሙቆ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ማየት ይቻላል፤ ብዙዎቹ 80 ዲግሪ አካባቢ ይጀምራሉ። በኩለንት ፈንታ ውሃ ብቻ መሙላትም ዝገት ያመጣል፤ ዝገቱ ራዲያተሩን ይደፍናል።

«ጊዜ የለኝም፣ ጭነቱ ይጠብቃል» የሚል ወገን እንዳለ እናውቃለን። ምርመራው ግን ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ነጋዴው ለመለዋወጫ ሲከፍል አይከራከርም፣ ለማየት ብቻ ክፈል ሲባል ግን ይከፋዋል። መካኒኩም ቤተሰብ አለው፤ ለምርመራ ካልተከፈለው እንጀራው የሚመጣው ከሚቀይረው ዕቃ ነው። ስለዚህ ከኪሴካ ገበያ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት የምርመራውን ዋጋ እንስማማ፤ መካኒኩ ምን እንዳየና ምን እንደለካ ይንገረን፤ የተፈታውም ዕቃ በእጃችን ይመለስ።