ከሃያ አሥራ አንድ

እነዚህ ሰዎች ይህን የሚጽፉት ማርክ ስላነሰባቸው ነው የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን አንዱ አንሶበታል፤ አንዱ ደግሞ ከሚገባው በላይ አግኝቷል። አቤቱታችን ስለ ሁለቱም ነው።

እኛ ሦስት ነን። አንዱ ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ አንዱ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ አንዱ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ጧት ጧት በታክሲ እየተጋፋን ወደ ከተማ እንገባለን። ባለፈው መንፈቅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ከምትኖሩበት ስፍራ አንድ ነገር መርጣችሁ ለማያውቀው ሰው አስረዱ» የሚል የድርሰት ሥራ ተሰጠን።

የሰበታው ጓደኛችን በከተማው ካለው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ብዙም ሳይርቅ ያደገ ስለሆነ ስለ ብሬል ጻፈ። ነገሩ ሁሉ በስድስት ነጥብ የተሠራ መሆኑን፣ እኛ «ቡ» ብለን በአንድ ፊደል የምንጽፈው በብሬል ሲሆን ተነባቢው ለብቻ፣ አናባቢው ለብቻ እየተጻፈ ሁለት ቦታ እንደሚይዝ አስረዳ። የሱሉልታው ስለ ድርቆሽ ጻፈ። ሜዳው ክረምቱን ከከብት ተከልሎ እንደሚቆይ፣ ሣሩ ዝናብ ሳይለቅ ቢታጨድ እንደሚሻግት፣ እጅግ ከዘገየም ደርቆ ለላሚቱ ጥቅሙ እንደሚቀንስ፣ ስለዚህ ባለመሬቱ በጥቅምትና በኅዳር ሰማይ ሰማዩን እያየ ማጭዱን እንደሚስል ገለጸ። የቡራዩው ግን ስለ ገፈርሳ ግድብ ጻፈ። «ውኃ ሕይወት ነው» ብሎ ጀመረ፤ «ውኃ በእውነት ሕይወት ነው» ብሎ ጨረሰ። በመካከሉ ስለ ተፈጥሮ ውበትና ስለ ሥልጣኔ ብዙ አለ፤ ሰዋስዉም ነቀፋ አልነበረበትም። ነገር ግን ውኃው ከግድቡ ተነሥቶ እንዴት እንደሚጣራና በምን መንገድ አዲስ አበባ እንደሚደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ወረቀታችን ሲመለስ ገፈርሳ ከሃያ አሥራ ሰባት፣ ብሬል አሥራ አራት፣ ድርቆሽ አሥራ አንድ አገኙ። በገፈርሳው ግርጌ «ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል። በድርቆሹ ላይ ቀዩ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሲያከብብ ቆይቶ «ሰዋስው!» ብሎ አብቅቷል። ሌላ አስተያየት የለም።

በዚያ ቀን ከካፍቴሪያው በስተ ጀርባ ተቀምጠን ወረቀታችንን ተለዋወጥን። ድርቆሽ አይቶ የማያውቀው የቡራዩ ልጅ ያንን በስሕተት የተሞላ ወረቀት አንብቦ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና ለምን እንደሆነ አንድ ሳያስቀር ነገረን። ስለ ገፈርሳ ግን ከሱሉልታውም ከሰበታውም ምንም ሊነግረን የቻለ የለም። «ምን ላድርግ፤ እኔም አላውቀውም ነበር» ያለው ራሱ ጸሐፊው ነው።

ታዲያ ያ አሥራ ሰባት የተሰጠው ለምን ነበር? ሥራው አስረዱ የሚል ነበር። የሚያስረዳ ድርሰት ዋና ሚዛኑ አንባቢው ከንባቡ በኋላ ነገሩን ማወቁ ነው ብለን እናምናለን። የሱሉልታው ጓደኛችን እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እንግሊዝኛ የትምህርቱ ቋንቋ የሆነው ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ነው። ሰዋስዉ ይታረም፤ ይህን አንቃወምም። ሐሳቡ ግን ከሰዋስዉ ጋር አብሮ ለምን ይቀጣል? የመጀመሪያ ዓመት ውጤት የምንገባበትን የትምህርት ክፍል እንደሚወስን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ይህ የቀልድ ነገር አይደለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ስታርችና ኤልየት የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ የፈተና ወረቀት ለ142 መምህራን ቢያሳርሙ፣ ያው አንዱ ወረቀት ከመቶ ከ64 እስከ 98፣ ሌላውም ከ50 እስከ 97 አገኘ። በ1961 ደግሞ ዲድሪክና ጓደኞቹ የኮሌጅ ጀማሪዎችን 300 ድርሰቶች ለ53 አንባብያን ሰጡ። ከአንባብያኑ መካከል መምህራን፣ ጠበቆች፣ ጸሐፊዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። መመዘኛው ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ ዘጠኝ ደረጃ ብቻ ተሰጣቸው። ከድርሰቶቹ 94 ከመቶ የሚሆኑት ሰባት፣ ስምንት ወይም ዘጠኙንም ዓይነት ደረጃ አገኙ። ምክንያቱ ሲመረመር አንዱ አንባቢ ሐሳብን፣ ሌላው ስሕተትን፣ ሌላው አደረጃጀትን፣ ሌላው የቃላት ምርጫን፣ ሌላው የጸሐፊውን ጣዕም ይመለከት ነበር። ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ ግን አንድ ነገር አልመዘኑም።

በአገራችን ጉዳዩ የሚብስበት ምክንያት አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሠራው ከተሰጡት መልሶች በመምረጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ተንጫጫ፤ ይሁን እንጂ ከእነዚያ መካከል አንድ አንቀጽ በቅጡ መጻፍ የሚችለው ስንቱ እንደሆነ የጠየቀ አልሰማንም፤ ፈተናውም አይጠይቅም። ስለዚህ ድርሰታችን በቁም ነገር የሚመዘንበት ቦታ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ እዚህም መልሱ «ጥሩ» ነው።

በቅኔ ቤት ያለፉ ጓደኞቻችን እንደሚነግሩን፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን እዚያው ያርመዋል። ተማሪው የተሳሳተበትን ቦታ ዐውቆ ይነሣል። እኛ ግን ቁጥር ይዘን እንነሣለን።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ይሆናል። መቶ ወረቀት እያንዳንዱን በዐሥር ደቂቃ ቢያነቡት ወደ አሥራ ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ለአንድ የቤት ሥራ ነው። የደከመ ዓይን ደግሞ ከሐሳብ ይልቅ ስሕተትን ቶሎ ያያል። ዛሬ ግን ይህ ልማድ ሌላ አደጋ ይዞ መጥቷል። ቻትጂፒቲን የመሰለ መሣሪያ ነቀፋ የሌለበት እንግሊዝኛ በቅጽበት ይጽፋል፤ ለንጽሕናው ብቻ ማርክ የሚሰጥ መምህር ማርኩን ለማን እንደሰጠ አያውቅም። (ገፈርሳን ማን ጻፈው ብላችሁ አትጠይቁን።)

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መመዘኛው ሥራው ሲሰጥ አብሮ ይነገረን። የሐሳቡ ነጥብና የቋንቋው ነጥብ ተለያይተው ይጻፉ። ድርሰቱ ለመምህሩ ከመድረሱ በፊት ነገሩን የማያውቅ ሌላ ተማሪ ያንብበውና የገባውን በሁለት መስመር ከግርጌው ይጻፍበት። ይህ የመምህሩንም ድካም ያቀልላል። በማርክ የሚታሰቡት ድርሰቶች ጥቂት ቢሆኑና ሁለት ሰው ቢያያቸው ደግሞ እንመርጣለን።

እስከዚያው ድረስ ሦስቱን ድርሰቶች ስምና ማርካቸውን አጥፍተን በማኅበሩ ክፍል ከጋዜጦቹ አጠገብ አስቀምጠናቸዋል። የፈለገ ሁሉ አንብቦ ከሃያ ያርማቸው፤ ምክንያቱንም በአንድ መስመር ጽፎ በሣጥኑ ይክተት። የተሰጡትን ማርኮች በሙሉ፣ አሥራ ሰባቱንና አሥራ አንዱን ጨምረን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።