የአካል ጉዳት ካሣና የሺህ ብሩ ወሰን

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

በሰው አካል ላይ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ካሣው ያለኝን አሳብ በዚህ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የዳኞችና የጠበቆች ብቻ ይመስላል እንጂ፥ በእግሩ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደውን፥ በታክሲ የሚሳፈረውን፥ በሚሠራ ፎቅ ሥር የሚያልፈውን ሁሉ የሚነካ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2027 ጀምሮ ስለዚሁ ጉዳይ በሰፊው ይደነግጋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት ክሶችም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛው የመኪና አደጋ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት፥ ነጂው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፥ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካላስረዳ በቀር ኃላፊ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ደግሞ ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገድዷል፤ ገጭቶ ባመለጠ ባልታወቀ መኪና ለተጎዳም ካሣ የሚከፈልበት ፈንድ እንዲኖር አድርጓል።

ሁለተኛው በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን በዚህ አንዳኝም፤ መብታችን የሚገኘው በመንግሥት ሠራተኞችና በጡረታ አዋጆች ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ወደ ማይመለከተው ክፍል የሚመላለስ ጊዜውን ያባክናል።

ሦስተኛው ከሕንጻና ከእንስሳ የሚመጣ ነው። ሕንጻው ፈርሶ ወይም ውሻው ነክሶ ሰው የጎዳ እንደሆነ፥ በቁጥር 2077ና 2071 ባለቤቱ ይጠየቃል። አራተኛው የባለሙያ ጥፋት ነው፤ ለምሳሌ ሐኪም የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር ቁጥር 2031 ይመለከተዋል።

ሕጉ እንዲህ ሰፊ ሲሆን ተጎጂው ለምን ባዶ እጁን ይቀራል? አንዱ ምክንያት ጊዜ ነው። በቁጥር 2143 የካሣው ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የሚረዝመው ነገሩ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የበለጠ እንደሆነ ነው። ብዙ ሰው ግን ፖሊስ መዝገብ ከከፈተ የካሣውም ነገር አብሮ የሚያልቅ ይመስለዋል። ነጂው በወንጀል ነጻ ቢለቀቅ እንኳ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ፍርድ አይገደድም።

ሌላው ምክንያት የችኮላ እርቅ ነው። ሽምግልና የተከበረ ልማዳችን ነው፤ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን ቁስሉ ሳይሽር፥ ሐኪም የጉዳቱን መጠን ሳይወስን፥ ለሕክምና በሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ የተፈረመ ወረቀት በኋላ ለማፍረስ ይከብዳል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የኅሊና ጉዳት ካሣ ነው። ልጁ የሞተበት አባት ወይም እግሯ የተቆረጠ ሴት ስለ ኀዘናቸው የሚፈረድላቸው ገንዘብ በቁጥር 2116 መሠረት ከሺህ ብር አይበልጥም። ሕጉ ሲወጣ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር፥ ሺህ ብር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ግን ዶላር ከመቶ ብር አልፏል። ስለዚህ ያው ሺህ ብር 10 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ኀዘን በገንዘብ አይለካምና ወሰን መኖሩ ተገቢ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ወሰን የሌለው ካሣ ሌላ በደል ያመጣል። ሆኖም ገንዘቡ እየረከሰ ቁጥሩ ሳይነካ ሲቀር ወሰኑ መሆኑ ቀርቶ መብቱን መሻር ይሆናል። ሕግ አውጪው ቁጥሩን ቢያሻሽለው፥ ወይም በየጊዜው በደንብ እንዲታይ ቢያደርገው፥ ዳኛውም የሚያፍርበት ፍርድ አይሰጥም።

እስከዚያው ድረስ የተጎዳ ሰው ሁሉ የሐኪም ማስረጃውንና የወጪ ደረሰኙን ይያዝ፤ የሁለት ዓመቱንም ቀን ይቍጠር።

አክባሪዎ፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ